ባዶ፣ ከኬላው ማዶ

«በይ ንገሪው!» አለች እናቴ። «ባዶስ የራሱ ጭንቅላት ነው ብላለች በይው። ምን ይዘጋሻል? አፍ የለሽም? ንገሪው እንጂ!»

ርእሰ መምህሩ ከወንበራቸው ብድግ ብለዋል። የሚገነፍል ድስት የሚከድኑ ይመስል ሁለት እጃቸውን ወደ ታች እየጫኑ «ማማ፣ ፖሌ ፖሌ» ይላሉ። ቀስ ይበሉ ማለታቸው ነው። እናቴ ግን ቀስ የምትልበት ቀን አልነበረም። የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር የመጣችው፤ የአንዲት ተማሪ የዩኒፎርም ቀሚስ አንድ እጅጌው ሳይገጠም የስፌት መኪናዋ ላይ ትታ። በተናገረች ቁጥር የሜትሩ ጫፍ የርእሰ መምህሩን ጠረጴዛ ይመታል።

«እኔ ልጄን ያመጣኋት ልትማር ነው። ባዶ የሚላትማ የትም ሞልቷል። አስተማሪውም እንደ ልጆቹ ባዶ ካላት እዚህ ምን ትሠራለች? ዛሬውኑ ይዣት እሻገራለሁ። በይ ንገሪው!»

መሻገር ማለት ኬላውን አልፎ ወደ ኢትዮጵያው ሞያሌ መመለስ ነው። ከኬንያው ሞያሌ ተነስቶ ኬላውን ማለፍ ለብዙ ሰው ገበያ እንደመሄድ ያለ ነገር ነው። ለእኔ ግን ትምህርቴ አበቃ ማለት ነበር። እዚያ ማዶ ቤታችንን ለቀናል። የሚጠብቀኝ የእናቴ እህት ሱቅ ብቻ ነው። «ልጅቷ ትምህርቱ ካልሆነላት ወደ እኔ ላኪያት፣ ሱቅ ትጠብቅልኛለች» ስትል ሰምቻታለሁ። የዱቄት ጆንያ መሀል ተቀምጬ ደንበኛ ስጠብቅ፣ ቅንድቤ ነጭ ሆኖ፣ እዚያው ሳረጅ ይታየኝ ነበር። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ስለ እርጅና ታስባለች ወይ ካላችሁ፣ እኔ አስብ ነበር።

ቢሮው ውስጥ አራት ነበርን። አራተኛዋ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፋ የቆመችው የክፍላችን አለቃ ናት። የክፍሉን ነገር ታስረዳለች ተብላ ነው የተጠራችው። ባዶ የሚለውን ስም ያወጣችልኝ እሷ ናት። ይህን ርእሰ መምህሩ አያውቁም፣ እናቴም አታውቅም። እሷና እኔ ግን እናውቃለን።

ስሙ የወጣልኝ እንዲህ ነው።

አባቴ የዚህኛው ሞያሌ ተወላጅ ነው። እኔ የተወለድኩት ማዶ፣ እናቴ ቤት ነው። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ኑሮው ከኢሲዮሎ ከተማ በታች መንገድ ላይ ነው፤ ቤት ሲመጣ እንኳ ጫማውን ሳያወልቅ ነው የሚያንቀላፋው። አምስተኛ ክፍል ስጨርስ «ልጄ ኬንያ ትማር» አለና እናቴንና እኔን እዚሁ ካለችው እህቱ፣ ከአክስቴ፣ ግቢ አስገባን። አማርኛ ከእናቴ፣ ኦሮምኛ ከሰፈር ልጆች ይዤ መጣሁ። ስዋሂሊ የሚባለውን ግን ከዘፈን ውጪ አላውቀውም ነበር።

በአዲሱ ክፍሌ አብዛኛው ልጅ ቤቱ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው፤ ከአስተማሪ ጋር ስዋሂሊና እንግሊዝኛ። አማርኛም ቢሆን አይጠፋቸውም። የድንበር ልጅ ለመግዛትና ለመሳደብ የሚበቃውን ያህል አማርኛ ያውቃል።

ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የሒሳብ አስተማሪው ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፈና እንድንሠራ ትንሽ ጠበቀን። ከዚያ በዴስኮቹ መሀል እየዞረ እያንዳንዱን ተማሪ «ኡሜማሊዛ?» ይል ጀመር። ቃሉን አላውቀውም። የልጆቹን መልስ ግን ሰማሁ።

«ባዶ፣ ምዋሊሙ።»

ምዋሊሙ ማለት አስተማሪ መሆኑ ገብቶኛል። ሁለተኛዋም «ባዶ» አለች። ከኋላ ያለው ረጅም ልጅ እያዛጋ «ባዶ» አለ። ደነገጥኩ። ክፍሉ በሙሉ ደብተሩን ባዶ ትቶታል ማለት ነው! ደግሞ እንዴት ያለ ድፍረት ነው! እኛ ማዶ ደብተሩ ባዶ የሆነ ልጅ ይደብቀዋል፣ ይተኛበታል፣ ሆዴን አመመኝ ይላል እንጂ እንዲህ ቀና ብሎ አያምንም። ሐቀኝነታቸው አስቀናኝ። እኔ ደግሞ ሁሉንም ሠርቻለሁ። አስተማሪው እኔ ጋ ደርሶ «ኡሜማሊዛ?» ሲለኝ ተነሳሁና ደብተሬን ለክፍሉ ሁሉ እንዲታይ ከፍ አድርጌ በጠራ አማርኛ መለስኩ፦

«የኔ ባዶ አይደለም!»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። በስዋሂሊ ባዶ ማለት ገና ማለት ነው። አስተማሪው «ጨርሰሻል?» ብሎ ነው የጠየቀው፤ ልጆቹም «ገና ነኝ» ነው ያሉት። አንድ ልጅ የእኔን መልስ ተርጉሞ ሲነግረው አስተማሪውም ሳቀ፤ በጠመኔ እጁ ዓይኑን እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። ደወሉ ሲደወል ረስቶታል።

ክፍሉ ግን አልረሳም። አለቃዋ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ነበር የምትቀመጠው። ሳቁ ሳያልቅ ወደ እኔ ዞራ፣ ጣቶቿን አጥፋ፣ አናቴን በጉልጥምቷ ቆረቆረችው። ኳ፣ ኳ። ሞያሌ ውኃ በአህያ ተጭኖ የሚመጣባት ከተማ ናት፤ ጀሪካን እንዲህ እየተቆረቆረ ሙላቱና ጉድለቱ እንደሚለይ የማያውቅ ልጅ የለም። ጆሮዋን ወደ ጭንቅላቴ አስጠግታ ያዳመጠች መሰለችና ለክፍሉ አወጀች።

«ባዶ!»

ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ስም አልነበረኝም። ጠዋት ከበሩ ስገባ «ባዶ መጣች!» ምሳ ሰዓት የበቆሎና የባቄላ ንፍሮው ሲታደል «አንቺ ባዶ፣ ሙሉ ሳህን ምን ያደርግልሻል?» ይሉና ከሳህኔ ላይ በእጃቸው ይዘግናሉ። የሚያልፍ ሁሉ አናቴን ኳ ኳ ያደርጋል፤ የታችኛው ክፍል ልጆች ሳይቀሩ እየዘለሉ። ከእኔ ጋር የሚያወራ ልጅ «ሙላትህን ትጨርስብሃለች» ይባላል፤ ስለዚህ ማንም አያወራኝም። ማስመሪያዋን የምታውሰኝ አንዲት የቡቲዬ ሰፈር ልጅ ነበረች። እሷም ኋላ ኋላ ማስመሪያውን ዴስኬ ላይ አስቀምጣ ፊቷን አዙራ ትጠብቃለች እንጂ አታናግረኝም ነበር። አልፈረድኩባትም። አናት ለሁሉም አንድ ነው ያለው።

ስም ሲጠራ በጣም ይከብደኝ ነበር። አስተማሪው እውነተኛ ስሜን ሲጠራ ከኋላ አንድ ድምፅ ቀድሞኝ «ባዶ!» ይላል። መጀመሪያ መጀመሪያ «አለሁ» ለማለት እታገል ነበር። በኋላ እጄን ብቻ አወጣሁ። ከዚያ እጄንም ተውኩት። መልሱን የማውቀው ጥያቄ ሲመጣ ጥርሴን ነክሼ እቀመጣለሁ። ቀስ በቀስ የማውቀው ራሱ እየጠፋኝ ሄደ። ይህን ዛሬም ድረስ የሚያምነኝ የለም፤ ሰው የተጠራበትን ይመስላል። በሒሳብ አንደኛ የነበርኩ ልጅ ቁጥሩን እያየሁ ፊደል እንዳልቆጠረ ሰው እፈዝ ነበር።

ሌሎቹ ልጆች ቃሉን የያዙት እንደ ኳስ ነው፤ ሲደርሳቸው ይመቱታል። አለቃዋ ግን እንደዚያ አልነበረችም። ይህን ያወቅኩት አንድ ቅዳሜ ነው። እናቷ ሰማያዊ ሻሽ አስራ ቀሚስ ልታሳጥር የአክስቴ በረንዳ ላይ መጣች። ከእናቴ ጋር በአማርኛ ሲያወሩ የአንድ ቀበሌ ልጆች ይመስሉ ነበር። ሴትየዋ ማዶ ነው ያደገችው። አለቃዋ ግን የግቢው በር ላይ ቆማ ወደ መንገዱ ታያለች። እናቷ «ነይ ልለካሽ፣ ምን ይገትርሻል?» ስትላት አልሰማችም። ደግማ ጠራቻት። በስዋሂሊ መለሰችና መጥታ ለመለካት ቆመች። እናቴ ወገቧን ስትለካ ዓይን ለዓይን ተያየን። ሁሉንም ትሰማለች። በአማርኛ ነው ያደገችው። ባዶን እንደ እኔ ከእናቷ አፍ የተማረች፣ ከክፍሉ እሷ ብቻ ናት።

ኋላ ላይ ከማስመሪያዋ ልጅ እንደሰማሁት፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት «ሐበሻዋ» እየተባለች ትታሽ የነበረችው እሷ ነበረች። እኔ ስመጣ ዱላው ከእሷ ላይ ተነሳ። ይህን ማወቄ ያኔም አላጽናናኝም፣ አሁንም አያጽናናኝም። ግን እውነት ስለሆነ እጽፈዋለሁ።

ቤት ውስጥ ዝምታዬን አክስቴ አየችው። «የልጅ ነገር ነው፣ ይለመዳል» አለች። አክስቴ ነገርን ሁሉ በሳቅ የምትጨርስ ሴት ናት። እናቴ ግን ስትሰፋ በመርፌው ላይ አሻግራ ታየኛለች። «ምላስሽን ምን ዋጠው?» ትለኛለች። ሆዴን አመመኝ እላለሁ። ሆዴንም ያመኝ ነበር፣ በተለይ ሰኞ ሰኞ።

አንድ ቀን ከሰዓት እናቴ ልብስ ልትተኩስ ውኃ ፈለገች። ከበሩ ጥግ ያለውን ቢጫ ጀሪካን በጉልጥምቷ ቆረቆረችው። ኳ፣ ኳ።

«ይሄም ባዶ ነው» አለች።

ሁለት እጄ ሳላዝዘው አናቴ ላይ ወጣ። አጎነበስኩ። እናቴ ካውያውን ጨርቁ ላይ እንደተወች ቀረች። ክፍሉ የተቃጠለ የተቃጠለ ሸተተ፤ የምትተኩሰው ጨርቅ ነው።

«ማን ነው የሚመታሽ?»

«አይመቱኝም።»

«ታዲያ እጅሽን ምን ሰቀለው?»

«ባዶ ይሉኛል።»

«ማን?»

«ሁሉም።»

ሁለተኛውን ትርጉም አልነገርኳትም። ብነግራት ደብተሬን እንዴት እንደሰቀልኩ መንገር ሊኖርብኝ ነው፤ እናቴ ደግሞ እኔን ጎበዝ ናት ብላ ነው ድንበር የተሻገረችው። እሷ ራሷ ከመጣች ገና ወራት ነው። ከበረንዳው ስለማትርቅ ከስዋሂሊ የያዘችው የገበያ ቃላትን ብቻ ነበር። ደንበኞቿም እንደ ሰማያዊ ሻሿ ሴትዮ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ተናጋሪ ናቸው።

ያን ሌሊት አክስቴ ቡቲዬ ለቅሶ ሄዳ አደረች። በማግስቱ እናቴ ሳትጠብቃት፣ የሜትሩን ነገር እንኳ ሳታስታውስ፣ እጄን ይዛ ርእሰ መምህሩ ቢሮ አስገባችኝ። እሳቸው ከታች አገር፣ ከኬንያ መሀል፣ የመጡ ስለሆኑ ኦሮምኛ አይሰሙም። ስለዚህ በስዋሂሊና በአማርኛ መሀል ያለሁት፣ በእነዚያ ወራት ስዋሂሊ የለቀምኩት፣ እኔ ብቻ ነኝ። በገዛ ጉዳቴ ላይ አስተርጓሚ ሆኜ ቆምኩ።

«ልጄን አድቅቀዋታል፣ እንቅልፍ የላት፣ ምግብ የላት፣ እንደ ዕቃ ይቆረቁሯታል በያቸው» አለች እናቴ።

እኔ በስዋሂሊ «ልጆች ይረብሹኛል ትላለች» አልኩ።

እናቴ አየችኝ። «እኔ ይህን ሁሉ ለፍልፌ ያንቺ ሁለት ቃል ነው?»

ርእሰ መምህሩ አለቃዋን አስጠሩ። በሩን ከፍታ ገባች። ምን እየሆነ ነው ሲሏት በሚፈስ ስዋሂሊ «እንጫወታታለን እንጂ አንረብሻትም፣ ምዋሊሙ። ማውራት የማትወደው እሷ ናት» አለች። ርእሰ መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁና በደግ ፊት ወደ እናቴ ዞሩ።

«ማማ፣ ሁዩ ምቶቶ ባዶ አናጂፉንዛ።»

ይህች ልጅ ገና እየተማረች ናት፣ አይዞሽ፣ ነው ያሉት። እናቴ ግን ምቶቶ ልጅ ማለት መሆኑን ከገበያ ታውቃለች። ከእሱ ቀጥሎ የሰማችው ባዶን ነው። ልጅቷ ባዶ ናት። ፊቷ ተለወጠ፣ ጠረጴዛውን መታች፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መጀመሪያ ነግሬያችኋለሁ።

እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ያልቅ ነበር። ግን ያንን ለማስረዳት ባዶ የሚለውን ቃል በራሴ አፍ ማለት አለብኝ። ከዚያ ደብተር ከሰቀልኩበት ቀን ወዲህ፣ ያን የእናቴን ጥያቄ ስመልስ ካልሆነ በቀር፣ ብዬው አላውቅም። እናቴ «ንገሪው!» ትላለች። ርእሰ መምህሩ «ምን አለች?» ይሉኛል። እኔ መሬት አያለሁ።

«እትዬ።»

ከበሩ በኩል ነው። ሁላችንም ዞርን።

«እትዬ፣ እሳቸው እንደሱ አላሉም» አለች አለቃዋ። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ አልነበረም፤ እናት እጅ ላይ የተለመደ አማርኛ ነው። «በስዋሂሊ ባዶ ማለት ገና ማለት ነው። ገና እየተማረች ናት ነው ያሉዎት። አልሰደቧትም።»

ርእሰ መምህሩ አፋቸውን ከፍተው አዩአት። ክፍል ውስጥ አማርኛ የሚችል ሰው ባስፈለገ ቁጥር ጠይቀው እጇን አውጥታ አታውቅም።

እናቴ ወንበሩ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። «ገና» አለች ለራሷ። «ባዶ፣ ገና።» ቃሉን ክር በመርፌ ቀዳዳ እንደምታስገባ ቀስ ብላ አሳለፈችው። ከዚያ ልጅቷን ትክ ብላ አየቻት።

«አንቺ የባለ ሰማያዊ ሻሿ ልጅ አይደለሽም? እናትሽ ስትጠራሽ የማትሰሚው?»

«ነኝ።»

«እሺ። ባዶ እዚህ ገና ማለት ከሆነ፣ እናንተ ልጄን ባዶ ስትሏት የትኛውን ነው? የሳቸውን ነው ወይስ የኛን?»

ልጅቷ የቀሚሷን ቀበቶ ጫፍ በጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች። ርእሰ መምህሩ «ምንድነው የምትሉት?» ብለው ጠየቁ፤ የሚተረጉምላቸው አልተገኘም። ውጪ፣ ከዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ አንድ ሰው በብረት መታው፤ እረፍት አልቋል ማለት ነው።

«የኛን» አለች በመጨረሻ።

«የእናንተን» ማለት ትችል ነበር። አላለችም።

ይቅርታም አላለችም፣ ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ። ስሙ ትምህርት ቤቱን እስክንጨርስ አልጠፋም፤ በየዓመቱ አዲስ የሚገባ ልጅ ምክንያቱን ሳያውቅ በዚያው ይጠራኝ ነበር። አናቴን መቆርቆሩ ግን ቀረ። እሷ አቆመች፣ ሌሎቹም ቀስ በቀስ አቆሙ። ዛሬ የአውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቆሜ ረዳቱን መቼ ነው የምንነሳው ስለው «ባዶ፣ ባዶ» ይለኛል፤ ገና ነን ማለቱ ነው፤ ልጅየው ምንም አላደረገም። እጄ ግን ወደ አናቴ ሊወጣ ሲል ቦርሳዬን አጥብቄ እይዘዋለሁ። ይህን ያህል ዓመት አልፎ።

እናቴ ተነሳች።

«በቃ» አለችኝ። «ደብተርሽን አምጪ፣ እንሂድ። ካፋቸው ሰምቻለሁ፣ ሌላ ምን እጠብቃለሁ? ማዶ እህቴ ሱቅ እንደ ሰው ትኖሪያለሽ። እዚህ ጨርሰሻል።» ከዚያ፣ ፊቴ ላይ ምን እንዳየች አላውቅም፣ ቆም አለች። «ጨርሰሻል አይደል?»

ያ የሒሳብ አስተማሪው ጥያቄ ነበር። ያኔ አልገባኝም ነበር፤ አሁን ገብቶኛል። የዱቄቱ ጆንያ ታየኝ። ያልመለስኳቸው፣ መልሳቸውን የማውቃቸው ጥያቄዎች ሁሉ ታዩኝ። በሩ አጠገብ የቆመችውን ልጅ አየሁ፤ እሷም አየችኝ፤ ከንፈሯ ላይ ሳቅ አልነበረም።

«ባዶ» አልኩ።

ርእሰ መምህሩ ይህን ብቻ ከንግግራችን ሁሉ ለይተው ስለሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቴ ዓይን ላይ ግን ቃሉ ከአንዱ ትርጉም ወደ ሌላው ሲሻገር አየሁት። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ በጣቶቿ ላይ ጥብቅ አድርጋ ጠቀለለች።

«እንግዲያው ቆዪ» አለች። «እኔ ያን እጅጌ ልጨርስ።»

ለርእሰ መምህሩ ከምታውቃቸው የገበያ ቃላት አንዱን፣ «አሳንቴ»ን፣ ምስጋናውን፣ ሰጠቻቸው። በሩ ጋ ስትደርስ አለቃዋ መንገድ ለመልቀቅ ወደ ግድግዳው ተጣበቀች። እናቴ አላለፈቻትም። የልጅቷን ኮሌታ ጠርዝ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

«ክሩ ተፈትቷል» አለቻት። «ለእናትሽ ንገሪያት፣ ታምጣው።»

«እሺ፣ እትዬ።»

እናቴ ወጣች። ውጪ አቧራ ያነሳ ንፋስ ነበርና የብረቱን በር ከኋላዋ ነጥቆ ዘጋው።